የባንኮክ ክረምት በአንድ ሻንጣ

በባንኮክ ታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ፣ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸውና ታይላንዳውያን ከሁሉ አስበልጠው የሚያከብሩት የመረግዱ ቡድሃ በዓመት ሦስት ጊዜ ልብስ ይለውጣል። ለሐሩሩ፣ ለዝናቡና ለቀዝቃዛው ወራት የየራሱ የወርቅ ልብስ አለው፤ የመለወጡም ክብር የንጉሡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 የነገሡት ቀዳማዊ ራማ ያሠሩት የዝናብ ወቅት ልብስ አንዱን ትከሻ ገልጦ እንደ መነኩሴ መጎናጸፊያ ያርፋል። ለዝናብ ማጌጥ እንዲህ ያለ ማዕረግ ወዳገኘባት ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ሻንጣውን በችኮላ ሊሞላ አይገባም።

ወቅቱ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይዘልቃል። እኛ አደይ አበባ ስንቀጥፍ ግን እዚያ ዝናቡ ገና ይበረታል። ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ወደ ባንኮክ የሚያቀና አዲስ አበቤ በልማድ ሹራቡን፣ ወፍራም ካፖርቱንና የቆዳ ጫማውን ያነሣል። ሦስቱም ቤት ቢቀሩ ይሻላል። የባንኮክ ዝናብ ብርድ የለውም። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ በዶፍ ይወርድና ያባራል፤ ከዚያ ወበቁ ይመለሳል። ላስቲክ የዝናብ ልብስ የደረበ ሰው ከውጭ ከዝናቡ ቢድን እንኳ ከውስጥ በላቡ ይርሳል። ስለዚህ የአለባበሱ ጥበብ ቶሎ የሚደርቅ፣ ሲደርቅም ውበቱን የማያጣ ልብስ መምረጥ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ሊኒንን የሚስተካከል የለም። ከተልባ ግንድ የሚፈተለው ይህ ጨርቅ ላብን ይመጥጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ መጨማደዱም የባሕርይው ሞገስ ነውና ካውያ አያስፈልገውም። ጂንስ አንዴ ከራሰ ይከብዳል፣ አድሮም አይደርቅም። ቀለም ሲመረጥ ግራጫ ይቅር፤ እያንዳንዱን ጠብታ ያጋልጣል። ጥልቅ ሰማያዊና አበባ የታተመባቸው ጨርቆች ግን እርጥበትን በጨዋነት ይሸሽጋሉ። ቀሚስና ሱሪ ከባት ዝቅ ብለው ከቁርጭምጭሚት በላይ ቢያበቁ፣ ጫፋቸው ጎርፍ አይነካውም፤ ጉልበት እንዲሸፈን የሚጠይቀውን የቤተ መንግሥቱን ደንብም ያከብራሉ። ትከሻም መሸፈን አለበትና እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ አብሮ ይያዝ።

ብዙ ተጓዦች የማይጠረጥሩት ቅዝቃዜ ያለው ከጣሪያ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው ስካይትሬይን የተባለው የከተማዋ ባቡርና ታላላቆቹ የገበያ ማዕከሎች ኤርኮንዲሽነራቸው ኃይለኛ በመሆኑ፣ ከዶፉ ርሶ የገባ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ከሸማኔዎቻችን እጅ የወጣ ነጠላ ያህል የተዋበ መፍትሔ አላውቅም። ሲታጠፍ በእጅ ቦርሳ ጥግ ይገባል፣ ሲዘረጋ ትከሻና ደረትን ያሞቃል። ጥለቱ ጠበብ ያለና ለስላሳ ቀለም ያለው ቢሆን፣ ከሊኒን ቀሚስ ላይ ሲጣል የየትኛውንም አገር የፋሽን ዓይን ይማርካል። በዓለም አደባባይ ነጠላን ከበዓል ቀን ብቻ አውጥተን በዕለት ጉዟችን ብንለብሰው ደስ ይለኛል።

ጫማ ሁለት ይበቃል። አንደኛው ውሃ የማይጎዳው፣ ተረከዝ ላይ የሚታሰር፣ በቤተ መቅደስ ደጃፍ በቀላሉ የሚወልቅ ሰንደል ነው፤ ሁለተኛው ለእራት የሚሆን የተዘጋና የሚያምር ጫማ፣ ምክንያቱም ከፎቆቹ አናት ያሉት ስመ ጥር ምግብ ቤቶች ነጠላ ጫማና ቁምጣ አይቀበሉም። ፀጉርን በተመለከተ ሹሩባ ለወበቅ ተወዳዳሪ የሌለው ጌጥ ነው፤ የተተኮሰ ፀጉር በዚያ እርጥበት አንድ ከሰዓት አይቆይም።

ትንንሾቹ ነገሮች ብዙ አያከራክሩም። ታጣፊ ጃንጥላ፣ ለስልክና ለፓስፖርት ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ ቀን የሚናከሱት ትንኞች የዴንጊ ትኩሳት ስለሚያስተላልፉም የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ። ኤሌክትሪኩ እንደ እኛው 220 ቮልት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን በታይላንድ ሕግ የተከለከለ ነውና ፈጽሞ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ይህ ሁሉ ተጣጥፎ የሻንጣውን ግማሽ ከሞላ በቂ ነው። የቀረው ግማሽ ለሐር ይተው። አሜሪካዊው ጂም ቶምፕሰን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የታይላንድን የእጅ ሽመና ሐር ለዓለም ገበያ አስተዋውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በማሌዢያ ደጋማ ስፍራ የደረሱበት ጠፍቶ ቀርቷል። በቦይ ዳር ከጥንታዊ የቲክ እንጨት ቤቶች ገጣጥመው የሠሩት መኖሪያ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ዶፉ ሲጀምር ለመጠለል ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሐር ሲገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይመልከቱት። ድሩና ማጉ በተለያየ ቀለም ከተሸመኑ፣ ባዘነበሉት ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል። ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን ያስቆርጡና በነጠላው ጠቅልለው ከሻንጣው መሐል ያስቀምጡት።