የቤት መብራት ማብሪያና አካሉ የደከመ ሰው

የኤሌክትሪክ መብራት በገባበት ቤት ጨለማን ማራቅ የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ይህ የአንድ ጣት ሥራ ለሁሉ እኩል አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚኖር፥ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፥ ጣቱ በቁርጥማት ለተኰማተረ ሽማግሌ፥ ግማሽ አካሉ ለማይታዘዝለት በሽተኛ፥ ማብሪያው በግድግዳው ላይ እየታየው ሳይደርስበት ይቀራል። ከዚህም የተነሣ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ብርሃንን ከልጅ ወይም ከጎረቤት ይለምናል፤ ረዳት የታጣ እንደ ሆነም በጨለማ ያመሻል፥ ወይም በዳበሳ ሲሄድ ወድቆ ይሰበራል።

የችግሩ ምክንያት ሲመረመር ድህነት ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ አብዛኛው የአሳብ ጉድለት ነው። ግንበኛውም ሽቦ ዘርጊውም ቤቱን ሲሠሩ በልቡናቸው የሚይዙት ቆሞ የሚሄድና ሁለት እጁ የሚታዘዝለትን ሰው ነውና።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ነገር ልክ አውጥተውለታል። በእንግሊዝ አገር ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የወጣው የሕንፃ መመሪያ፥ ማብሪያና ሶኬት ከወለሉ ከ450 እስከ 1200 ሚሊሜትር ባለው ከፍታ መካከል እንዲሆን ያመለክታል፤ ይህም ተቀምጦ የሚዘረጋ እጅ እንዲደርስበት ነው። በአሜሪካም በ1982 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ለሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች የተወሰነው መለኪያ፥ እንዲህ ያለው መሣሪያ አጥብቀው ሳይጨብጡትና የእጅን አንጓ ሳያጣምሙ በአንድ እጅ የሚሠራ እንዲሆን፥ የሚጠይቀውም ጉልበት ከ22 ኒውተን ገደማ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ይኸውም 2 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ዕቃ ለማንሣት የሚበቃ ኀይል ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በጣት ከሚጠመዘዝ ትንሽ ቍልፍ ይልቅ በክርን ወይም በእጅ ጀርባ የሚገፋ ሰፊ ማብሪያ መምረጥ ይቻላል፤ ቀለሙ ከግድግዳው የተለየ ሲሆን ለደከመ ዓይንም ይታያል። አንዱን አምፖል በበሩ አጠገብና በአልጋው ራስጌ በተተከሉ ሁለት ማብሪያዎች ማዘዝም የታወቀ ጥበብ ነው። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ደግሞ የሰውን ገላ ሙቀት ዐውቆ በራሱ የሚያበራ መሣሪያ ይጠቅማል። በሪሞት፥ በእጅ ስልክና በድምፅ የሚታዘዝ መብራትም ተሠርቷል፤ ሆኖም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውን ሊያቆም የሚችል አለ፤ ድምፅ ሰሚውም የባለቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ከጌጥ አያልፍም። ስለዚህ በእጅ የሚሠራው ማብሪያ ከእርሱ ጋር አብሮ መኖር አለበት። ኤሌክትሪክ ለሚጠፋበትም ሰዓት በባትሪ የሚሠራ መብራት ከራስጌ አይታጣ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱም 9ኛ አንቀጽ ስለ መኖሪያ ቤት ጭምር ይናገራል። ከዚያ በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሕዝብ ሕንፃ በመሸ ጊዜ ይዘጋል፤ አካለ ደካማው ሌሊቱን የሚያሳልፈው በቤቱ ነው።

እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ፕላን የሚመረምር ሹም የበሩን ስፋት ሲለካ የማብሪያውንም ከፍታ ቢለካ፥ የአረጋውያን መነኮሳትን ማደሪያ የሚያሠራ የደብር አለቃም ለአልጋው ራስጌ አንድ ማብሪያ ቢያስብ ይገባል። ግድግዳው ሳይለሰን የሚዘረጋ ሽቦ ወጪው ጥቂት ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ማፍረስንና ዳግመኛ መለሰንን ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው ነው። ለደካማ መመጽወት ትልቅ ጽድቅ ነው፤ ደካማው በቤቱ ብርሃንን እንዳይለምን አስቀድሞ ማሰናዳት ግን ክብሩን መጠበቅ ነው።