የዳታ መሐንዲስ

የዳታ መሐንዲስ የሚባለው፥ ከባንክ ሒሳብ፥ ከስልክ ጥሪ፥ ከሐኪም ቤት ካርድና ከሱቅ ሽያጭ ቀንና ሌሊት የሚፈልቀውን መረጃ ከየምንጩ ቀድቶ፥ አጥርቶና አሰናድቶ፥ መርምሮ ለሚወስነው ሰው የሚያደርስ ባለሙያ ነው። ተንታኙ ያንኑ መረጃ በሥዕል አስጊጦ በጉባኤ ፊት ሲያቀርብ ይመሰገናል፤ ባለሙያዎቹ ፓይፕላይን የሚሉትን ቦይ የቈፈረው መሐንዲስ ግን ስሙ የሚነሣው ውኃው የደፈረሰ ዕለት ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሊያጠናው የሚገባ ቋንቋ ኤስኪውኤል ነው። እንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ በአይቢኤም ቤተ ምርምር ያገለግል የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ፥ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተሰናዳ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፥ ጠያቂውም የሚሻውን ይናገር እንጂ ማሽኑ በምን መንገድ እንደሚያገኘው በማሰብ አይድከም የሚለውን ሐሳቡን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ካሳተመ በኋላ፥ በዚያው ኩባንያ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ቋንቋውን በ1974 ይፋ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ መሣሪያ ተነሥቶ ሲወድቅ እርሱ እስከ ዛሬ ጸንቶ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ፓይተን፥ ከፓይተንም ቀጥሎ የሥራውን ተራና ሰዓት የሚጠብቀው ኤርፍሎው፥ ለአንድ ማሽን የከበደውን ለብዙ ማሽኖች የሚያከፋፍለው ስፓርክ ይመጣሉ። የቅጥር ማስታወቂያዎች እነዚህን ስሞች እንደ ውዳሴ ሲደረድሩ አያለሁ፤ ለትጉህ ሰው ግን የወራት ትምህርት ናቸው።

ዓመታት የሚፈጀው መረጃን መጠራጠር መልመድ ነው። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ ኀ፥ ሌላው በሐመሩ ሐ፥ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ቢጽፈው ለአንባቢ ያው አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የየራሱ ቍጥር አለውና ለማሽን ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የሚይዙት ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለ ሆነ፥ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ በ7 ሰዓት የተፈጸመ ክፍያ፥ ካልተጠነቀቁለት፥ ባለፈው ቀን ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራምማ ጳጉሜንን እንደ ስሕተት ይጥላታል። መብራት ወይም መስመር ተቋርጦ ሥራው ከመንገድ ቢቀርና ዳግም ቢነሣ፥ የአንድ ቀን ሽያጭ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠር አድርጎ መሥራትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ይህንም ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምረው ከእንቅልፍ የተቀሰቀሱበት ሌሊት ነው።

ስለዚህም ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ በዚህ ወንበር የሚቀመጥ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ቀድሞ ፕሮግራም ጸሓፊ፥ የዳታቤዝ ኀላፊ ወይም ተንታኝ ሆነው የቈዩ ናቸው። እኔ ፈታኝ ብሆን ለአመልካቹ «የልደት ቀን 3/5/2004» የሚል አንድ መስመር ብቻ እሰጠዋለሁ፤ በእኛ ቢሆን ወሩ ጥር፥ በእንግሊዞች ልማድ ሜይ፥ በአሜሪካውያን ማርች ነውና። ኮድ ለመጻፍ የቸኰለውን አመስግኜ አሰናብተዋለሁ፤ «በማን አቈጣጠር?» ብሎ የጠየቀኝን ግን መቼ ሥራ መጀመር እንደሚችል እጠይቀዋለሁ።