ሸማ ላይ በማሽን ሲጠለፍ የሚፈጠረው ሽብሽብ ከየት ይመጣል?



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ጥልፉ ተጠልፎ ሲያልቅ በዙሪያው ያለው ጨርቅ ለምን ይሸበሸባል የሚል ጥያቄ ነው። ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ግን ጥያቄው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይገባዋል። በዚያ አካባቢ የአርጎባ ሕዝብ ሽመናን ከንግድ ጋር አጣምሮ የኖረ ነው። ከሸማ የሚሠራ ቀሚስ በፈታይዋ፣ በሸማኔው፣ በጠላፊውና በሰፊው እጅ ያልፋል። ጥልፉ የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት የቀናት ፈትልና ሽመናን ይዞ ይጠፋል። ገዢዋ ሸማው መናኛ ነው ትላለች፤ ሸማኔው ጠላፊውን፣ ጠላፊው መኪናውን ይወቅሳል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ክርክር፣ በሸማ ላይ የምናየው ሽብሽብ በአብዛኛው መርፌው ጨርቁን ከመንካቱ በፊት የተዘጋጀ ነው የሚል ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከሸማው አሠራር እንነሣ። ዛሬ በገበያ በብዛት የምናየው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ ነው። ድሩ ወጥና ጠንካራ ነው፤ ማጉ አንዱ ስፍራ ወፈር፣ ሌላው ስፍራ ቀጠን ያለ፣ ግምዱም የላላ ነው። ስለ ጥልፍ የተጻፉ የሙያ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚያስቡት ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ የፋብሪካ ጨርቅን ነው። በእንዲህ ያለ ጨርቅ ውስጥ የጥልፉ ክር ሲገባ የጨርቁን ክሮች ይገፋቸዋል፤ መሄጃ ሲያጡ ጨርቁ ወደ ላይ ይነሣል። ሸማ ግን ክፍት ነው። ክሮቹ መሄጃ ስላላቸው ከመገፋት ይልቅ ይሳባሉ። እያንዳንዱ ስፌት በሁለቱ ጫፎቹ ያሉትን ክሮች ወደ መሐል ይሰበስባቸዋል፤ ጥልፉ ያረፈበት ስፍራ ይጠባል፣ ከጎኑ ያለው ጨርቅ ግን የቀድሞ ስፋቱን እንደያዘ ስለሚቀር ይሸበሸባል።

ከዚህ የሚብሰው የውጥረቱ ነገር ነው። ጠላፊ ሥራውን ሲጀምር ጨርቁን በክቡ መወጠሪያ ውስጥ እንደ ከበሮ አጥብቆ መወጠርን ይማራል። በእግር በሚሠራው መኪና ላይ መወጠሪያውን በእጁ እያንቀሳቀሰ የሚጠልፍ ባለሙያም ሆነ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ያለው ይህን ልማድ ይጋራሉ። ለአቡጀዲ ብዙም ጉዳት የለውም። ሸማ ግን፣ በተለይ በሰያፍ ከተሳበ፣ ይለጠጣል። ጥልፉ በተለጠጠው ጨርቅ ላይ ይሠራል፤ ከመወጠሪያው ሲወጣ ጨርቁ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ጥልፉ ግን አብሮት አይመለስም። ይህን በቀላል ሙከራ ማየት ይቻላል። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ሳትጎትቱ ዘርጉና ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ በጠመኔ ሥሩበት፤ ከዚያ ወጥራችሁ እንደገና ለኩት። ከ10 ሳንቲሜትር ያለፈችው እያንዳንዷ ሚሊሜትር ኋላ በሽብሽብ የምትከፈል ዕዳ ናት። ካሬው ወደ ጎን ካጋደለም ጨርቁ በሰያፍ ተስቧልና ፈትታችሁ ጀምሩ።

እንግዲህ የሚወጠረው ሸማው ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው ደጋፊ ጨርቅ መሆን አለበት። ሸማው በደጋፊው ላይ ሳይለጠጥ ተዘርግቶ ዙሪያውን በእጅ በረጃጅም ስፌት ይያያዛል። ደጋፊ ሦስት ዓይነት ነው፤ ዙሪያው ተቆርጦ ከጥልፉ ሥር የሚቀር፣ የሚቀደድና በውሃ የሚሟሟ። ለቀሚስ ደረት ያለ ማመንታት የምመርጠው ሥር የሚቀረውን ነው። የሚቀደደው መርፌ ሲበሳሳው አቅሙን ያጣል፤ ሲቀደድም ልል የሆነውን ሸማ ይጎትተዋል። ለሥራው የተዘጋጀው ደጋፊ ካልተገኘ፣ ታጥቦ የተተኮሰ አቡጀዲ ያገለግላል። ታጥቦ ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ያልታጠበ አቡጀዲ ኋላ ሲታጠብ ራሱ ይሰበሰብና ሸማውን ይዞት ይገባል።

ነጠላ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በሁለቱም ፊቱ ስለሚታይ ከኋላው የቀረ ጨርቅ ማንም አይወድለትም። በውሃ የሚሟሟው ደጋፊ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ከሟሟ በኋላ ጥልፉን የሚሸከመው ሸማው ብቻ ነውና ንድፉ መሳሳት አለበት። በነጠላ ጫፍ ላይ ድፍን ጥልፍ ከሚሻ ደንበኛ ጋር መከራከር የሙያው አካል ነው እላለሁ። ለዚያ ስፍራ ጥበብ ይሻላል፤ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ስለሆነ ከላይ የተጫነ ሸክም አይደለም።

ወደ ንድፉ እንምጣ። በተለመደው ቁጥር 40 የጥልፍ ክር በጎን ለጎን ስፌቶች መካከል የሚሰጠው ርቀት ብዙውን ጊዜ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለሸማ እኔ ወደ 0.45 ወይም 0.5 አላላዋለሁ። ከዋናው ጥልፍ በፊትም ሸማውን ከደጋፊው ጋር የሚያስር ሳሳ ያለ የመሠረት ስፌት አስቀድማለሁ። ቅደም ተከተሉም ዋና ነገር ነው። የቀሚስ መስቀል ስትሠሩ መጀመሪያ የውጭ መስመሩን ከዘጋችሁት፣ ውስጡን ስትሞሉ የሚገፋው ጨርቅ መውጫ አጥቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ውጭ ብትሄዱ ትርፉ ጨርቅ በነጻነት ይወጣል።

ብዙዎች ሽብሽብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚነኩት የክሩን ማጥበቂያ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ጥልፉን ገልብጡት፤ በጠባብ ድፍን ጥልፍ ጀርባ ላይ የታችኛው ክር መካከለኛውን አንድ ሦስተኛ ያህል ይዞ ከታየ ማጥበቂያው ልክ ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። የላይኛው ክር ከጠበቀ ግን ፖሊስተር ይለጠጥና ከተሰፋ በኋላ ያጥራል፤ ያኔ ማላላቱ ተገቢ ነው። ፍጥነት መቀነስም ይረዳል፤ በደቂቃ 1000 ስፌት የሚችል ማሽን ለሸማ በ600 ቢሠራ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ አይደለም።

ከፋይ ጨርቅን በአጭሩ ላንሳ፤ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበርና የተጠለፈ ካባ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከፋይ በመወጠሪያ ከተጨበጠ ጸጉሩ ይተኛና የክቡ ምልክት አይለቅም። እርሱንም በደጋፊው ላይ አያይዙት እንጂ አትወጥሩት።

የመጨረሻው ነጥቤ ውሃ ነው። የአንኮበርን ጉም የምታውቁ እርጥበት ለጥጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በንግድ ልኬት ጥጥ የደረቅ ክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት እንደሚይዝ ሲታሰብ፣ ለፖሊስተር የሚታሰበው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ሸማው ከሸማኔው ዘንድ ሲወርድ የሽመናውን ውጥረት እንደያዘ ነው። መጀመሪያ ሲታጠብ ክሮቹ ያብጣሉ፣ ጨርቁም ያጥራል፤ የፖሊስተሩ ጥልፍ ግን አያጥርም። በርክክቡ ዕለት እንከን ያልነበረው ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የሚሸበሸበው በዚህ ነው። ስለዚህ ሸማው ከመጠለፉ በፊት መነከር፣ ሳይሰቀል በጥላ ተዘርግቶ መድረቅ፣ ሳይጎተትም መተኮስ ይኖርበታል።

ይህን ማንም የሚያደርገው አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሒሳብ ጉዳይ አለበት። ሸማ የሚሸጠው በልኩ ነው። ሸማኔው ነክሮ ቢያቀርብ ያጠረው በእርሱ ላይ ይቆጠራል፤ ጠላፊው ቢነክረው ደንበኛዋ ጨርቄን ቀነስክብኝ ትለዋለች። በዚህ ዓመት ተመራቂ የሆናችሁ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራችሁ ርእስ ከፈለጋችሁ፣ ከተለያዩ ሸማኔዎች የተገዛ ሸማ ከመነከሩ በፊትና በኋላ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ለየብቻ ለክታችሁ ሠንጠረዥ አዘጋጁልን። ሠንጠረዡ ካለ ሸማኔውና ገዢዋ ገና ሲዋዋሉ በተነከረው ልክ መነጋገር ይችላሉ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።