ለማያውቁት አራሚ በ40 ደቂቃ መጻፍ

በየዓመቱ በሜይ ወር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ለሚያዘጋጀው የኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) እንግሊዝኛ ቋንቋና ድርሰት ፈተና ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ፈተናው ሦስት ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 45 የምርጫ ጥያቄዎች ይሠራሉ፤ የእነዚህ ድርሻ ከጠቅላላው ውጤት 45 በመቶ ነው። ቀሪው ሁለት ሰዓት ከሩብ ለሦስት ድርሰቶች የተመደበ ሲሆን 55 በመቶው ያለው እዚያ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ብዙ ኮሌጆች 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ እንደወሰደ ይቆጥሩለታል፤ 4 ወይም 5 የሚጠይቁም አሉ። የኮሌጅ ክፍያ ከወዲሁ ለሚያሳስበው ቤተሰብ አንድ ኮርስ መትረፉ ትልቅ እፎይታ ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በሌሎችም ከተሞች ለዚህ ፈተና ከሚቀመጡት መካከል ቤታቸው ውስጥ በአማርኛ የሚያወሩ ልጆች አሉ። ከፊሎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ሳሉ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ የሄዱ ናቸው። የእነዚህ የኋለኞቹ ችግር ብዙ ጊዜ በስህተት ይታያል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት ግን የምርጫ ጥያቄ ነው። ተማሪው ትክክለኛውን ፊደል ይመርጣል። ስለ አንቀጽ አጻጻፍ የሚጠይቅ ጥያቄ እንኳ ቢመጣ መልሱ ከተሰጡት አማራጮች አንዱ ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ የሰዋስው ሕግን ከአሜሪካዊ የክፍል ጓደኛው አብልጦ ሊያውቅ ይችላል። ያልተለማመደው ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ፣ ሰዓት እየቆጠረበት፣ የራሱን አቋም በማስረጃ ማስደገፍን ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ሙያ ነው፤ የአእምሮ ማነስ ምልክት አድርጎ ማየት በልጁ ላይ ግፍ መሥራት ነው።

አዲስ የመጣ ተማሪ ከዚህ ፈተና በፊት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ በቅጽ ይጠየቃል። አማርኛ ብሎ ከሞላ ልጁ የእንግሊዝኛ ደረጃ መለያ ፈተና ይወስዳል፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነም በየዓመቱ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ይመዘናል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ዊዳ የተባለውን ምዘና ይጠቀማሉ። አንዳንድ ወላጅ ልጄ ወደ ኋላ ይቀርብኛል ብሎ ሰግቶ ቅጹ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ብሎ ይሞላል። እንዲህ ሲያደርግ ልጁን በሕግ የሚገባውን እገዛ ያሳጣዋል።

ወደ ድርሰቱ እንመለስ። እያንዳንዱ ድርሰት ከ6 ነጥብ ይታረማል። አቋምን በግልጽ ማስቀመጥ 1 ነጥብ አለው። ማስረጃና የማስረጃው ትንታኔ በአንድነት 4 ነጥብ ይይዛሉ። የጉዳዩን ውስብስብነት አጥልቆ ማሳየት ወይም በብስለት መጻፍ የመጨረሻውን 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ይህን ብዙዎች አያገኙትም፤ ተማሪውም ሊያሳድደው አይገባም። ስለዚህ የዝግጅቱ ሁሉ ልብ ያለው በአራቱ ነጥቦች ላይ ነው። ለከባድ ቃላት፣ ለረጅም መግቢያ፣ ለተሸመደደ ጥቅስ ተብሎ ለብቻው የተመደበ ነጥብ የለም። የሰዋስው ስህተትም ሐሳቡን እስካላደናቀፈ ድረስ ድርሰቱን አይጥለውም፤ አራሚዎቹ በተጣበበ ጊዜ የተጻፈ ረቂቅ እያነበቡ መሆናቸውን እንዲያስታውሱና ተማሪው በደንብ የሠራውን እንዲሸልሙ ይነገራቸዋል። በሁለተኛ ቋንቋው ለሚጽፍ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም፤ ሆኖም ይህን ሳያውቅ ለፈተና የሚገባው ብዙ ነው።

አራሚዎቹ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ መምህራን ናቸው። በጁን ወር በሺዎች ሆነው ድርሰቶቹን ይካፈላሉ። የተማሪውን ስም፣ ትምህርት ቤትና ታሪክ አያውቁም። ከፊታቸው ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ከሦስቱ ድርሰቶች ሁለተኛው ብዙ ተማሪዎችን ያስቸግራል። ተማሪው አንድ ንግግር፣ ደብዳቤ ወይም መጣጥፍ ይሰጠውና ጸሐፊው ሐሳቡን ለማሳመን ምን ምን ምርጫ እንዳደረገ እንዲተነትን ይጠየቃል። በ2019 የቀረበው ማኅተመ ጋንዲ በ1930 ለሕንድ የእንግሊዝ እንደራሴ ለሎርድ ኧርዊን ከጻፉት ደብዳቤ የተወሰደ ምንባብ ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው ከታዋቂው የጨው ጉዞ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ጋንዲ እንደራሴውን በአክብሮትና በወዳጅነት ያናግራሉ፤ የእንግሊዝን ሕዝብ መጉዳት እንደማይሹ ይናገራሉ፤ ጥያቄያቸው መልስ ካላገኘ ግን የጨውን ሕግ እንደሚጥሱ ቀኑን ጭምር ቆርጠው ያስታውቃሉ።

ደካማ ድርሰት እዚህ ላይ ምን ይላል? ጋንዲ የአክብሮት ቃላት ተጠቅመዋል፣ ስሜትን የሚነካ አጻጻፍ ጽፈዋል፣ ይህም ደብዳቤውን ጠንካራ አድርጎታል። ሦስቱም ሐረጎች እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ለማንኛውም ደብዳቤ ይሠራሉ። የአጻጻፍ ስልቶችን ስም ዘርዝሮ ማለፍም ያው ነው። ነጥብ የሚያስገኘው «ለምን ለዚህ ሰው፣ ለምን በዚህ ጊዜ?» የሚለውን መመለስ ነው። ጋንዲ የሚጽፉት እስር ቤት ሊያስገባቸው ለሚችል ባለሥልጣን ነው። ዛቻ የሚመስል ነገር ቢጽፉ እንደራሴው እንቅስቃሴውን በአመፅ ስም ለማፈን ሰበብ ያገኛል። ልመና ብቻ ቢሆንም ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ወዳጅነቱ የኃይል እርምጃን ሰበብ ያሳጣል፤ የተቆረጠው ቀን ደግሞ ዝምታን መልስ ያደርገዋል። ይህን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር በተራ እንግሊዝኛ የጻፈ ተማሪ፣ በተዋበ እንግሊዝኛ ስልት ሲዘረዝር ከዋለው ይበልጣል።

ኢትዮጵያዊ ተማሪ እዚህ ላይ ስንቅ አለው። ሽማግሌ ሲላክ ቃሉ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከባድ ጉዳይ ለአለቃ ሲነገር ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል እየሰማ ያደገ ልጅ ጋንዲ የሠሩትን ሥራ ያውቀዋል። የሚጎድለው የሚያውቀውን በጽሑፍ መፍታት ነው። በሌላ በኩል ይኸው ልማድ በራሱ ድርሰት ላይ ያስቸግረዋል፤ በእኛ ዘንድ ጨዋ ተናጋሪ ከሩቅ ተነሥቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ ነገሩን ወደ ኋላ ያመጣዋል። በዚህ ፈተና አቋም የትም አንቀጽ ላይ ቢቀመጥ ነጥቡን ሊያስገኝ ይችላል። ሆኖም በ40 ደቂቃ ለሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ላይ ማስቀመጡ ይበጃል፤ የቀረው ድርሰት ወዴት እንደሚሄድ ለራሱም ያሳየዋል።

የመጀመሪያው ድርሰት ስድስት ምንጮችን ይሰጣል፤ ከመካከላቸው ምስል ወይም ሠንጠረዥ ይኖራል። ተማሪው ቢያንስ ሦስቱን ተጠቅሞ የራሱን አቋም ማስረዳት አለበት። በ2019 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ወይም ተቋም ከሁሉ በላይ ምን ማጤን እንዳለበት ተጠይቆ ነበር። የተለመደው ወጥመድ «የመጀመሪያው ምንጭ እንዲህ ይላል፣ ሁለተኛው እንዲህ ይላል» እያሉ መተረክ ነው። ምንጮቹ ምስክር ናቸው፤ ተናጋሪው ተማሪው መሆን አለበት። አንዱ ምንጭ ስለ ወጪ፣ ሌላው ስለ አካባቢው ነዋሪ ቅሬታ ቢያነሣ፣ ሁለቱን አገናኝቶ «ወጪው ቢቀንስም ነዋሪው ካልተማከረ ሥራው ይጓተታል» ማለት የተማሪው ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የሌለው ክርክር ነው። ማስረጃው ተማሪው ካነበበው፣ ካየውና ከኖረው ይመጣል። በ2021 ፍጹምነትን ለማግኘት መጣር ምን ዋጋ አለው የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ብዙ ተማሪዎች በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ሁሉም የሚያነሣቸውን አሜሪካዊ ስሞች ይደግማሉ። ከኢትዮጵያ የሄደ ልጅ ግን አበበ ቢቂላን ማንሣት ይችላል። አበበ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ በድጋሚ አሸነፈ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ጥሩ ነው፦ አበበ ልምምዱን ፍጹም ለማድረግ ተግቷል፤ የውድድሩ ቀን ሁኔታ ፍጹም እስኪሆን ግን አልጠበቀም። እንግዲህ ጥረቱ የሚጠቅመው በእጃችን ባለው ነገር ላይ ሲሆን ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራሚው ኦሃዮ ያለ መምህር ሊሆን ይችላል፤ አበበ ማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አገሩን፣ ዓመቱንና ያደረገውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መንገር ግድ ነው። የዓመት አቆጣጠሩም መታረም አለበት። ዓድዋን በ1888 ብሎ ተምሮ ያደገ ልጅ ድርሰቱ ላይ 1896 ብሎ ካልጻፈ፣ የሚያውቀውን ታሪክ የተሳሳተ ያስመስለዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሁለት ሰዓት ከሩቡ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ለማንበብና ለማቀድ የታሰቡ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ድርሰት 40 ደቂቃ ያህል ይመከራል። ሰዓቱን ግን ለተማሪው ማንም አይከፋፍልለትም። የመጀመሪያውን ድርሰት አሳምራለሁ ብሎ አንድ ሰዓት የፈጀ ተማሪ ሦስተኛውን በችኮላ ይጨርሳል፤ የሁለት ነጥብ ድርሰትን ወደ አራት ማሳደግ ደግሞ የአምስቱን ወደ ስድስት ከማሳደግ ይቀላል። ከ2025 ጀምሮ ፈተናው ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ በኮምፒውተር ይሰጣል። እስከዚያ በእጁ ብቻ ሲጽፍ የኖረ ተማሪ በቁልፍ ሰሌዳ መጻፍን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይዞ ቢለማመድ ይገባዋል። ሐሳቡ ከጣቱ እየፈጠነ የሚቸገር ልጅ ብዙ ነው።

ለልምምድ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉ ዓመታት የድርሰት ጥያቄዎችን፣ ከተማሪዎች የተገኙ እውነተኛ ድርሰቶችንና አራሚዎቹ ለእያንዳንዱ የሰጡትን ነጥብ ከነምክንያቱ በነፃ ያወጣል። ከዚህ የተሻለ አስጠኚ የለም። ጠቃሚው አሠራር በሳምንት አንድ ጊዜ በ40 ደቂቃ አንድ ድርሰት ጽፎ፣ የመመዘኛውን ሠንጠረዥ ይዞ ራስን ማረም፣ ከዚያም ከታተሙት ድርሰቶች ጋር ማስተያየት ነው። ባለ ሦስት ነጥቡንና ባለ አምስት ነጥቡን ጎን ለጎን ያነበበ ልጅ ልዩነቱ በማስረጃው ብዛት ላይ እንዳልሆነ ያስተውላል። ባለ አምስቱ ከእያንዳንዱ ማስረጃ በኋላ ቆም ብሎ ያብራራል።

ወላጅ እንግሊዝኛ ባያነብም የሚያደርገው አለ። አንደኛው የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። የፈተናው ምዝገባ በአብዛኛው በኖቬምበር ይዘጋል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሳይሆን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የክፍያ ቅናሽ አለ፤ ሁለቱንም የትምህርት ቤቱን የኤፒ አስተባባሪ በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ልጁን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ልጁ የሳምንቱን ጥያቄ በአማርኛ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ይንገር፤ አቋሙንም በሁለት ደቂቃ ያስረዳ። ወላጅ የሚጠበቅበት «ለምን?» ማለት፣ መልሱን ሰምቶ «እሱስ በምን ይታወቃል?» ማለት፣ እንደገናም «ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢከራከርህስ?» ማለት ነው። አራቱን ነጥቦች የሚያስገኙት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአማርኛ መመለስ የለመዳቸው ልጅ ወደ እንግሊዝኛው ሲሄድ የሚፈልገው ቃላት ብቻ ይሆናል። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ጥያቄ ቢነሣ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ብዙ ክርክር ይሠራል።