ለወፎች የሚለቀም የሣር ዘር

በየቤቱ በሽቦ ቤት ከሚያድጉት ትናንሽ ወፎች አንዷ የአውስትራሊያዋ ዜብራ ፊንች ናት። የተፈጥሮ ምግቧ የሣር ዘር ነው። በተለይ ጫጩት ስታሳድግ፣ ከደረቅ ጥሬ ሌላ፣ ሲጫኑት ወተት የሚያወጣ እሸት የሣር ዘር ይስማማታል። ይህም ክረምት ሲወጣ በየሜዳው ያለ ገንዘብ ይገኛል።

ይሁን እንጂ እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ለለቀማ ስትልኩ ምከሯቸው። ከመኪና መንገድ ዳርና ፀረ ተባይ ከተረጨበት ሥፍራ አይልቀሙ። የሻገተውን ይተዉ። ከዘሩ መካከል ጥቁር ቀንድ የመሰለ ነገር ብቅ ካለ፣ ኤርጎት የተባለ መርዘኛ ሻጋታ ነውና ዛላውን በሙሉ ይጣሉ። ይኸው መርዝ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ከስናር ጋር እህል ውስጥ ገብቶ ሰው ገድሏል።

ከለቀማ ሲመለሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከወፏ የተረፈውን እሸት ሳይሻግት በዕለቱ አውጡት።