«እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል» ለምን አይበቃም?



ባለፈው ሴሚስተር የጀመዓችን የቲቶሪያል መመዝገቢያ ገጽ በተከፈተበት ምሽት አልሠራ አለ። ፍሬሽማኖች ስልካቸውን ይዘው ሲጠብቁ እኛ እስከ እኩለ ሌሊት ከሰርቨሩ ጋር ስንታገል ቆየን። ኮዱ ውስጥ በፓይተን 3.10 የመጣው «ማች» የሚባለው ትእዛዝ ነበረበት፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ግን ፓይተን 3.8 ነው። ላፕቶፓችን ላይ ሞክረነው ስለሠራ ሌላ ፈተሻ አላደረግንም።

ከዚያ ወዲህ ኮንቴይነር መጠቀም ጀመርን። ኮንቴይነር ፕሮግራሙን ከነፓይተኑና ከነላይብረሪዎቹ አንድ ላይ የሚይዝ እሽግ ነው። እንደ ቨርቹዋል ማሽን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይሸከምም፤ የሰርቨሩን የሊኑክስ ከርነል ስለሚጋራ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል። አሠራሩን በሰፊው ያስለመደው በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዶከር ነው።

አሁን ሥራችን በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦

1. አንዳችን ኮድ ወደ ጊት ስንልክ ፓይፕላይኑ ራሱ ይነሳል።
2. በዶከርፋይል ላይ በጻፍነው መመሪያ መሠረት ኢሜጅ ይሠራል።
3. ፈተናዎቹ በዚያው ኢሜጅ ውስጥ ይሮጣሉ፤ አንዱ ከወደቀ ሥራው እዚያው ይቆማል።
4. ያለፈው ኢሜጅ ሬጅስትሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩም እሱኑ አውርዶ ያስነሳል።

ዋናው ቁም ነገር አራተኛው ላይ ነው። ሰርቨሩ ላይ እንደገና ብንሠራው ኖሮ የተፈተነውና ተማሪው የሚጠቀምበት ሊለያዩ ይችሉ ነበር።

ሦስት ነገሮችን ግን እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ «ሌተስት» በሚለው ስም አንመካ፤ ዛሬና ነገ የሚያመጣው ኢሜጅ ሊለያይ ይችላል። ለእያንዳንዱ ኢሜጅ የራሱን ቁጥር ከሰጠነው፣ አዲሱ ሲበላሽ ወደ ቀድሞው መመለስ ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃል ኢሜጅ ውስጥ አናስገባ፤ በኋላ ብናጠፋውም ከሥር ባለው ንብርብር ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ኮንቴይነሩ ውስጥ አናስቀምጥ፤ ኮንቴይነሩ ሲወገድ አብሮ ይጠፋል። ከውጭ በቮሉም ወይም በዳታቤዝ ይያዝ። የእህት ወንድሞቻችን ስምና ስልክ ቁጥር እኛ ዘንድ አማና ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ሁሉ ዶከርፋይላችሁን ዛሬውኑ ጻፉ፤ የዲፌንስ ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ።