ሩዝና የማይታዩት ረዳቶቹ

ሩዝ ዛሬ በአዲስ አበባ የእንግዳ ምግብ መሆኑ ቀርቶአል። በከተማይቱ ምሥራቅ፥ ጎሮ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው ከጤፉና ከስንዴው ዱቄት አጠገብ የሩዝ ከረጢት ያገኛል። የጤፍ ዋጋ የከበደበትም ቤተሰብ የሩዝ ዱቄት ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል። ነገር ግን ከዚህ ሩዝ ብዙው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በመርከብ የመጣ ነው።

ለአገራችን ሩዝ ዋናው ምንጭ በጣና ሐይቅ ዳር፥ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ዘር አምጥተው ያስተማሩት እርሻ እየሰፋ ሄዶ፥ ዛሬ የሩዝ ምርምር ማእከል ቆሞለታል። የፎገራ ገበሬ ግን መሬትና ውሃ እያለው ዩሪያን ይጠብቃል። ዩሪያው በጊዜው ያልደረሰ ወይም ዋጋው የናረ እንደ ሆነ ምርቱ ይጎድላል።

ዩሪያ ለተክል የሚሰጠው ናይትሮጅንን ነው። ይህም ብርቅ ነገር አይደለም፤ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 ያህሉ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ፋብሪካ በታላቅ ሙቀትና ግፊት የሚሠራውን ይህን ሥራ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ያለ እሳትና ያለ ጭስ በአፈር ውስጥ ይፈጽሙታል። ራይዞቢየም የተባለው በባቄላና በጓያ ሥር ላይ ትንንሽ ዕባጮች አብጅቶ ይኖራል። ተክሉ ስኳር ይመግበዋል፤ እርሱም በምላሹ ናይትሮጅን ይከፍላል።

ሩዝ የሣር ወገን ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ዕባጭ የለውም። ቢሆንም ረዳት አላጣም። በብራዚል ዮሐና ዶበራይነር የተባሉት ሊቅ ያጠኑት አዞስፒሪለም በሣር ሥር ዙሪያ ይኖራል፤ ሥሩ እንዲበዛ የሚያደርግ ንጥረ ነገርም ያመነጫል። ሥሩ የበዛ ሩዝ ደግሞ ከመሬት ብዙ ምግብ ይስባል።

የግብፅ ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። በዓባይ ዴልታ ገበሬዎች ሩዝን ለከብት መኖ ከሚሆን የማገጥ ወገን ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያፈራርቁ ኖረዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የማገጡ ራይዞቢየም ወደ ሩዙም ሥር ገብቶ ይኖራል፤ ይህም መፈራረቅ ለሩዝ ከሚያስፈልገው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ይተካል።

የፎገራም ገበሬ ሩዙን ካጨደ በኋላ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። የጓያው ራይዞቢየም ለግብፁ ማገጥ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ የዚያ ጥበብ መሠረት በእኛም ማሳ ላይ አለ ማለት ነው፤ የቀረው በመስክ መፈተኑ ነው።

ባክቴሪያውን አባዝቶ በከረጢት ማቅረብም ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ለባቄላ፥ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ሲያመርት ቆይቶአል። ነገር ግን ይህ ከረጢት እንደ ዩሪያ ከረጢት አይደለም፤ በውስጡ ያለው ሕይወት ነው። በቆርቆሮ ጎተራ ውስጥ በፀሐይ የከረመ እንደ ሆነ ለገበሬው የሚደርሰው የሞተ ዱቄት ነው። ከዘር ጋር የሚታሸውም በጥላ ሥር ነው፤ ከታሸም ሳይውል ሳያድር መዘራት አለበት።

ስለዚህ ወደ ገጠር የሚላክ ወጣት ባለሙያ ባክቴሪያ ዩሪያን ፈጽሞ ያስቀራል ብሎ መስበክ አይገባውም። አንዱን ማሳ ለሁለት ከፍሎ፥ ግማሹን በባክቴሪያ፥ ግማሹን ያለ ባክቴሪያ ያዘራ፤ በአጨዳም ጊዜ ሁለቱን ክምር ገበሬው ራሱ ይመዝን። ባልተፈተነ ተስፋ አንድ ክረምት የከሰረ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት እውነተኛውንም ምክር አይቀበልምና።